አውሮፕላኑ ሲያርፍ ለምን ነጠረብኝ? ፕሮፔለሩስ ለምን ታጠፈ?

ጥያቄ፦ «በኮሎራዶ፣ አውሮራ የምኖር ተማሪ አብራሪ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን 17 ሰዓታት ዳላስ አካባቢ ተምሬ፣ በሥራ ምክንያት ወደዚህ ከተዛወርኩ በኋላ ሥልጠናዬን ቀጥያለሁ፤ አሁን 26 ሰዓት አለኝ። ባለፈው ሳምንት ከቀትር በኋላ፣ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ነፋስ እምብዛም ባልነበረበት ሰዓት፣ ብቻዬን ለሦስተኛ ጊዜ ሴስና 172ኤስ ይዤ ወጣሁ። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 5,900 ጫማ ይሆናል፤ ራንዌዩም ረጅም ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ለጥንቃቄ ብዬ ፋይናል ላይ፣ ማለትም ወደ ራንዌዩ ቀጥ ብዬ በምወርድበት ጊዜ፣ በለመድኩት 65 ኖት ፍጥነት ፈንታ 75 ያዝኩ። አውሮፕላኑ አልወርድም ብሎ ተንሳፈፈ። መሪውን ትንሽ ወደፊት ስገፋው መሬት ነክቶ ነጠረ፤ እንደገና ገፋሁት፣ እንደገና ነጠረ፤ በሦስተኛው ፕሮፔለሩ ራንዌዩን መታ። እኔ ምንም አልሆንኩም። የፕሮፔለሩ ጫፎች ወደኋላ ታጥፈዋል፤ ራንዌዩ ላይም አንድ አንድ ሜትር ያህል ተራርቀው የተደረደሩ ጭረቶች አሳይተውኛል። ጓደኞቼ ‘የዚህ አውሮፕላን እግር ስፕሪንግ ስለሆነ ነው’ ይላሉ። ሞተሩ እስከ መጨረሻው ያለ ችግር ሲሠራ እያየሁት ትምህርት ቤቱ ‘ሞተሩ መፈታት አለበት’ ማለቱ ደግሞ ገንዘብ ለማስከፈል ይመስለኛል። ከእንግዲህ በምን ያህል ፍጥነት ልምጣ? ወደፊት አገር ቤት ገብቼ የመብረር ሐሳብ አለኝ፤ ወይስ ይህ ሙያ የእኔ አይደለም?»

ምላሽ፦ መልሱ ከጥያቄዎ ውስጥ ነው፤ 75 የምትለዋ ቁጥር ናት። መንሳፈፉም፣ መንጠሩም፣ የፕሮፔለሩ መታጠፍም እርሷን ተከትለው የመጡ ናቸው። ይሁን እንጂ ቁጥሯ ብቻዋን ፕሮፔለር አታጥፍም። ከፋይናል እስከ ሦስተኛው ንክኪ ድረስ ጉዳዩ ያለ ምንም ጉዳት ሊያበቃ የሚችልባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ስለ እግሩ ስፕሪንግ ከመከራከር ይልቅ እነዚያን ጊዜያት አንድ በአንድ ማየቱ ይጠቅምዎታል።

«ስስ አየር ላይ ፍጥነት መጨመር ያስፈልጋል» የሚለው አባባል በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነም ለማረም ያስቸግራል። ክንፉ በስስ አየር ውስጥ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በእርግጥም በበለጠ ፍጥነት መጓዝ አለበት። የሚዘነጋው ግን የፍጥነት መለኪያው ራሱ በዚያው ስስ አየር ውስጥ መሆኑ ነው። በግራው ክንፍ ሥር ያለችው ፒቶ ቱቦ የምትለካው አውሮፕላኑ በሰዓት ስንት እንደሚጓዝ ሳይሆን፣ ከፊት የሚመጣው አየር የሚያሳድርባትን ግፊት ነው፤ ክንፉን የሚያነሣውም በዚሁ ግፊት ልክ ነው። አየሩ ሲሳሳ ለሁለቱም እኩል ይቀንስባቸዋል። ስለዚህ መለኪያው 65 ባለ ጊዜ፣ ዳላስም ይሁን እርስዎ ያሉበት የዴንቨር አካባቢ፣ ክንፉ የሚያገኘው ያንኑ ነው፤ በአውሮፕላኑ መመሪያ ላይ የተጻፈው የማረፊያ ፍጥነት በማረፊያው ከፍታ የማይለዋወጠውም በዚህ ምክንያት ነው። የአየሩን መሳሳት መለኪያው አስቀድሞ ቆጥሮታል፤ እርስዎ 10 ኖት ሲጨምሩበት ሁለት ጊዜ ተቆጠረ።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በቁጥር እንየው። 5,900 ጫማ ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ፣ አብራሪዎች ዴንሲቲ አልቲትዩድ የሚሉት፣ አየሩ የስንት ጫማ ከፍታን ያህል እንደሳሳ የሚናገረው ስሌት፣ ወደ 9,000 ጫማ ያወጣዋል። በዚያ አየር ውስጥ መለኪያው ላይ 65 ኖት ማለት በእውነቱ ከ74 ኖት በላይ መጓዝ ነው፤ 75 ደግሞ 86 ይሆናል። በዳላስ ሙቀት 65 ይዘው ሲመጡ የሚጓዙት ቢበዛ 68 ኖት ነበር። የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ባለፈው ሳምንት ወደ ራንዌዩ ይዘውት የመጡት ጉልበት ዳላስ ከለመዱት በ60 ከመቶ ገደማ ይበልጥ ነበር። ይህን ሁሉ ጉልበት አውሮፕላኑ አንድ ቦታ ላይ ማራገፍ አለበት፤ ሳያራግፍ «ረፍ» ቢሉት አያርፍም።

መንሳፈፉም ከዚሁ የመጣ ነው። የሴስና 172 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ነው። አውሮፕላኑ ከዚህ ባነሰ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ መሬቱ ከክንፉ ጫፎች የሚጠቀለለውን አየር ስለሚያግደው፣ ማንሣት ራሱ የሚያስከትለው የአየር መጎተት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሲንሳፈፍ ይህ መጎተት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። የሞተሩ ጉልበት ተቀንሶም አውሮፕላኑ አልደክምም የሚለው ለዚህ ነው። እንደ ፍላፑ (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚወርደው ክፍል) እና እንደ ነፋሱ ቢለያይም፣ ትርፍ የሆነው 10 ኖት እስኪራገፍ ድረስ 5 ሰከንድ ያህል መጠበቅ ይኖርብዎታል፤ በዚያ ፍጥነት 5 ሰከንድ ማለት ወደ 200 ሜትር ራንዌይ ነው። እርስዎ ደግሞ ረጅም ራንዌይ ነበርዎት። አፍንጫውን በቀስታ ከፍ እያደረጉ ዝም ብለው ቢጠብቁ ኖሮ፣ በ75 ኖት የተጀመረው ስሕተት ትንሽ ረዘም ባለ ማረፍ ብቻ ያበቃ ነበር። የመጀመሪያው የመውጫ በር ይህ ነበር፤ ምንም ነገር አለማድረግ።

እርስዎ ግን ገፉት። በዚህ ብቸኛ አይደሉም፤ ራንዌዩ ከሥር እየሮጠ አውሮፕላኑ አልወርድም ሲል የሰው እጅ በራሱ ወደፊት ይሄዳል። ከዚህ በስተጀርባ ያለው የተሳሳተ ሐሳብ ማረፍ ማለት አውሮፕላኑን መሬት ላይ ማስቀመጥ ነው የሚለው ይመስለኛል። የአብራሪው ሥራ ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ አውሮፕላኑን እንዳያርፍ መከልከል ነው፤ ፍጥነቱ አልቆ መከልከሉ ሲያቅትዎት በዋናዎቹ ጎማዎች ያርፋል፣ የፊት ጎማውም አየር ላይ ይቆያል።

አሁን ወደ ስፕሪንጉ። ጓደኞችዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ የ172 ዋና እግሮች የብረት ስፕሪንግ ስለሆኑ ሲመቱ ከተቀበሉት ኃይል ጥቂቱን ይመልሳሉ። አውሮፕላኑን መልሶ አየር ላይ ያወጣው ግን በዋናነት እግሩ ሳይሆን ክንፉ ነው። ዋናዎቹ ጎማዎች ያሉት ከክብደቱ ማዕከል ኋላ ስለሆነ፣ እነርሱ ቀድመው ሲነኩ አፍንጫው ይወርዳል፤ ክንፉ አየሩን የሚገጥምበት አንግል ይቀንሳል፤ ማንሣቱም ይሞታል። የፊት ጎማው ያለው ከክብደቱ ማዕከል ፊት ነው። እርሱ ቀድሞ ሲነካ አፍንጫውን ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል፤ አንግሉ በቅጽበት ያድጋል፤ ክንፉ ደግሞ የሚበቃው ፍጥነት ስላለው እንደገና ይበራል። እርስዎ «ነጠረ» ያሉትን እኔ «ገና መብረር አላቆመም ነበር» እለዋለሁ።

ማስረጃው ራንዌዩ ላይ ነው። እነዚያ የፕሮፔለር ጭረቶች እንደ አሻራ ይነበባሉ። ስሮትሉ፣ ማለትም የሞተሩ ጉልበት መስጫ፣ ተዘግቶ ሞተሩ በደቂቃ 1,000 ዙር ያህል ይዞር ነበር ብንል፣ ባለ ሁለት ብሌድ ፕሮፔለር በሰከንድ 33 ጊዜ ገደማ መሬቱን ይመታል። በሁለት ጭረቶች መካከል አንድ ሜትር ካለ አውሮፕላኑ በሰከንድ 33 ሜትር፣ ማለትም ወደ 65 ኖት ይጓዝ ነበር። ነፋስ ስላልነበረ በመለኪያው ላይ ይህ ወደ 56 ወይም 57 ኖት ሊሆን ይችላል። ዙሩ ግምት ስለሆነ ስሌቱም ግምት ነው፤ ነገር ግን 172ኤስ ሙሉ ክብደት ተሸክሞ፣ ፍላፑም ሙሉ ወርዶ ስቶል የሚያደርገው፣ ማለትም ክንፉ መሸከም የሚያቆመው፣ መለኪያው 40 ኖት ገደማ ሲያሳይ መሆኑን ያስታውሱ፤ እርስዎ ብቻዎን ስለነበሩ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። በሦስተኛው ንክኪ ላይ፣ ፕሮፔለሩ አስፋልቱን በሚጭርበት በዚያ ቅጽበት እንኳ፣ አውሮፕላኑ ለመብረር የሚበቃ ፍጥነት ነበረው።

የታጠፉት ጫፎችም አንድ ነገር ይናገራሉ። ሞተሩ ጉልበት እየሰጠ መሬት የመታ ፕሮፔለር ጫፎቹ አብዛኛውን ጊዜ ወደፊት ይታጠፋሉ፤ ጉልበት ሳይሰጥ የመታ ግን ወደኋላ። የእርስዎ ወደኋላ ነው ብለዋል። እንግዲህ ከመጀመሪያው ንጠራ እስከ መጨረሻው ድረስ ስሮትሉ ተዘግቶ ቆይቷል፤ ማለትም ጎ አራውንድ፣ ማረፉን ትቶ ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ እንደገና መነሣት፣ የሚለው ሐሳብ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ እጅዎ ላይ አልደረሰም። ትልቁ ስሕተትዎ የትኛው ነው ብለው ቢጠይቁኝ ይህን እጠቅሳለሁ። 75 ኖት የተሳሳተ እውቀት ነው፣ በአንድ አንቀጽ ይታረማል፤ በነጠረ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ ስሮትሉን መርሳት ግን ልምምድ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ንጠራ አደጋ አልነበረም። አደጋ ያደረገው ሁለተኛው መግፋት ነው። አውሮፕላኑ ነጥሮ ወደ ላይ ሲሄድ ዓይን ያያል፣ አእምሮ ይወስናል፣ እጅ ይገፋል፤ ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ብዙም ባይበልጥ፣ እጁ ሥራውን በሚጨርስበት ጊዜ አውሮፕላኑ መውጣቱን ጨርሶ ራሱ መውረድ ጀምሯል። በመውረድ ላይ ያለውን አፍንጫ እርስዎ ይበልጥ አወረዱት፤ ስለዚህ ቀጣዩ ምት ከፊተኛው ይከብዳል፤ ቀጥሎ ያለው ንጠራም ከፍ ይላል። እጅና አውሮፕላን እንዲህ ተራ በተራ ሲሳሳቱ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ምት ነው። የ172 ፕሮፔለር ከመሬት ያለው ርቀት አንድ ስንዝር ከጥቂት ጣት ነው፤ የፊት ጎማው የምት መቀበያ ሲጨመቅ ያችም ታልቃለች።

እንግዲያው ምን ማድረግ ነበረብዎት? አውሮፕላኑ ጥቂት ከፍ ብሎ ከነጠረ፣ ቀድሞ የነበረውን የአፍንጫ ከፍታ ይዞ መቆየት፣ ካስፈለገም ጥቂት ጉልበት ጨምሮ መውረዱን ማለዘብ ይበቃል። ከአንድ ሰው ቁመት በላይ ከነጠረ፣ ወይም ምን ያህል እንደነጠረ ካላወቁ፣ ማረሙ የእርስዎ ሥራ አይደለም፤ ሙሉ ጉልበት ሰጥተው ይነሡ። 26 ሰዓት ላለው ተማሪ ከዚህም ጠበቅ አድርጌ ነው የምመክረው፤ ብቻዎን በሚበሩበት ጊዜ የትኛውም ንጠራ፣ ትንሹም ጭምር፣ ጎ አራውንድ ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ተማሪውን ያሳንፈዋል ይላሉ። እኔ ግን ትንሽና ትልቅ ንጠራን መለየት ራሱ ልምድ የሚጠይቅ ፍርድ ስለሆነ፣ ያ ልምድ እስኪመጣ ድረስ ፍርዱን ከተማሪው ላይ ማንሣት ይሻላል ባይ ነኝ።

ጎ አራውንድ ሲሉ ግን ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ በእርስዎ ከፍታ ላይ በተለይ። ሙሉ ጉልበት ሲሰጡ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። አፍንጫው ወደ ግራ ይጎተታል፤ ቀኝ እግር የራደሩን፣ ማለትም ጭራው ላይ ያለውን የጎን መሪ፣ ፔዳል መርገጥ አለበት። ትሪሙ፣ ማለትም መሪውን ባለበት የሚያቆይልዎት ማስተካከያ፣ ለመውረጃ ፍጥነት ስለተስተካከለ አፍንጫው ከሚፈልጉት በላይ ሽቅብ ይወጣል፤ እዚህ ላይ መሪውን ወደፊት መያዝ ትክክል ነው፣ ካልያዙትም ስቶል ሊያደርግ ይችላል። ሙሉ የወረደው ፍላፕ ደግሞ አውሮፕላኑን ወደኋላ ይጎትታል፤ ወዲያውኑ ወደ 20 ዲግሪ ይመለሳል፣ የቀረው ግን ፍጥነትና ከፍታ ሲገኝ ደረጃ በደረጃ ነው። በአንድ ጊዜ ሁሉን ቢሰበስቡት አውሮፕላኑ መልሶ ይሰምጣል።

ዳላስ ያልተማሩት ነገር ደግሞ ሚክስቸሩ፣ ነዳጁ ለአየሩ የሚመጠንበት መቆጣጠሪያ፣ ነው። የ172ኤስ ሞተር 180 የፈረስ ጉልበት አለው የሚባለው በባሕር ጠለል ላይ ነው። አየሩ 9,000 ጫማ ያህል በሳሳበት ቀን የሚያገኙት ቢበዛ ወደ 130 ነው፤ እርሱንም የሚያገኙት ነዳጁ ለአየሩ ከተመጠነ ነው። ዳላስ ላይ ከማረፍ በፊት «ሚክስቸር ሙሉ» ብለው መግፋት ተምረዋል፤ እዚያ ትክክል ነበር። ዴንቨር ላይ ያንኑ ካደረጉ ሞተሩ ከአየሩ በላይ ነዳጅ ይጠጣል፤ ስሮትሉን በሚሰጡበት ጊዜ ይንተፋተፋል፤ ከተረፈው ጉልበት ላይም ይወስድብዎታል። ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ማረፊያ ከመነሣት በፊት ሞተሩን ሙሉ ዙር አስይዞ ሚክስቸሩን መመጠን በአውሮፕላኑ መመሪያ ላይ የተጻፈ ነው፤ ፋይናል ላይም ያንኑ ቦታ ይያዙ። አሠልጣኝዎ ይህን በመጀመሪያው ቀን አሳይተውዎት ካልሆነ፣ ሳይጠየቁ የቀረ ጥያቄ ነውና ይጠይቋቸው።

«ከእንግዲህ በምን ያህል ፍጥነት ልምጣ» ላሉት፦ 65፤ ከዚያ ያላነሰ፣ ከ70 ያልበለጠ። በተቃራኒው በኩል ያለውንም ወጥመድ ይወቁት። ከባሕር ጠለል ወደ ከፍታ የመጣ ተማሪ ራንዌዩ ከሥሩ በፍጥነት ሲያልፍ ያይና ፈጥኛለሁ ብሎ አፍንጫውን ያነሣል። እንደ እርስዎ ፍጥነት የጨመረ ተማሪ ፕሮፔለር ያጥፋል፤ ዓይኑን አምኖ ፍጥነት የቀነሰው ግን መሬት ሳይደርስ፣ ምናልባትም ወደ ፋይናል በሚታጠፍበት ጊዜ ስቶል ሊያደርግ ይችላል፤ ይህኛው ከብረት ይልቅ ሕይወት ያስከፍላል። መሬቱ በፍጥነት ማለፉ እውነት ነው፤ የሚታመነው ግን መለኪያው ነው።

   

የሞተሩ መፈታት ለገንዘብ አይደለም። ፕሮፔለሩ ሲመታ የሞተሩ ዘንግ በድንገት ይያዛል፤ በሌላኛው ጫፉ ላይ ያለው ማርሽ ግን መዞሩን ይቀጥላል። ማርሹን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዙት አንዲት ትንሽ ፒንና አንድ ብሎን ናቸው። ፒኗ ተሸራርፋ ወይም ብሎኑ ላልቶ ሞተሩ ያን ቀን፣ በማግሥቱም ያለ እንከን ሊሠራ ይችላል፤ ማርሹ የለቀቀ ቀን ግን የቫልቮቹም፣ ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጡት የማግኔቶዎቹም ሥርዓት አብሮ ይቆማል፤ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ዝም ይላል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በላይኮሚንግ ሞተሮች ላይ ከፕሮፔለር ምት በኋላ ይህ ክፍል ተከፍቶ እንዲመረመር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው መመሪያ አስገድዷል፤ የ172ኤስ ሞተርም ላይኮሚንግ ነው። «እስከ መጨረሻው ያለ ችግር ሠርቷል» የሚለው ምስክርነት እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። ክፍያውን በተመለከተ የፈረሙትን የኪራይ ውል ያንብቡ፤ ከኢንሹራንሱ ውጪ የሚቀረውን ድርሻ ማን እንደሚሸፍን የሚወስነው እርሱ ነው። መካኒኩ የሞተሩን ክፍልና የፊት እግሩ የታሰረበትን የእሳት መከለያ ግድግዳ ሲመረምር አጠገቡ ለመቆም ፈቃድ ይጠይቁ። የፊት ጎማ ምት የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚታየው እዚያ ግድግዳ ላይ ባለ የቆርቆሮ መጨማደድ ነውና፣ አንድ ጊዜ በእጅዎ የዳሰሱት መጨማደድ አንድ ወር ከሚሰጥ ትምህርት ይበልጣል።

ሪፖርትን በተመለከተ ነገሩን አይደብቁ፤ አያጋንኑም። በአሜሪካ ደንብ መሠረት መሬት በመምታት የመጣ የፕሮፔለር ጉዳት ብቻውን «ከፍተኛ ጉዳት» ተብሎ አይቆጠርም፤ ግድግዳው ወይም የሞተሩ መሸከሚያ ከተጎዳ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ስለዚህ የመካኒኩ ምርመራ ሳያልቅ ማንም፣ እርስዎም ትምህርት ቤቱም፣ ጉዳዩን በራሱ ፍርድ መዝጋት የለበትም። ናሳ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ለሚያካሂደው በፈቃደኝነት ላይ ለተመሠረተ የበረራ ደኅንነት ሪፖርትም የ10 ቀን ጊዜ አለዎት፤ ገና ሳምንቱ ነውና ዛሬውኑ ይጻፉ። ይህ ሪፖርት የሚያገለግለው ግን ጉዳዩ በደንቡ «አደጋ» ካልተባለ ብቻ መሆኑን ይወቁ።

አገር ቤት ስለመብረር ያነሡት የእርስዎን ዴንቨር ትልቅ ትምህርት ቤት ያደርገዋል። ቦሌ 7,625 ጫማ ላይ ነው፤ 24 ዲግሪ በሆነ የበጋ ቀን አየሩ ከ10,000 ጫማ በላይ ያለውን ያህል ይሳሳል። ድሬዳዋ ከፍታው የቦሌ ግማሽ ቢሆንም፣ ሙቀቱ 35 ሲደርስ አየሩ ወደ 7,000 ጫማ ያህል ይሆናል፤ «ዝቅ ያለ አገር ነው» ብሎ የሚዘናጋ ብዙ ነው። ዴንቨር ላይ መለኪያውን ማመንና ሚክስቸሩን መመጠን የለመደ ሰው ለሁለቱም ዝግጁ ነው።

ሙያው የእኔ አይደለም ወይ ላሉት፦ ከአንድ ንጠራ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም፤ እኔም ከዚህ ርቀት አላውቅም። በማሠልጠን ዘመኔ ያሳሰቡኝ ተማሪዎች የነጠረባቸው ሳይሆኑ፣ ከነጠረባቸው በኋላ ነፋስ ነበር፣ ጎማው ነው፣ ወንበሩ ዝቅ ብሎ ነው የሚሉት ናቸው። እርስዎ 75 ኖት መያዝዎን ራስዎ ጽፈውልኛል።

ምክሬ የሚከተለው ነው። የብቻ በረራዎን አሁን ያቁሙ፤ በሎግ ቡክዎ ላይ የተፈረመው የ90 ቀን ፈቃድ ጊዜው ባያልፍም እንኳ። መጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ቆሞ ባለ 172 ውስጥ አሥር ደቂቃ ይቀመጡ። እኔ ተማሪ ሳለሁ አሠልጣኜ ይህን ሲያዙኝ ቅጣት መስሎኝ ነበር። የሞተሩ ክዳን ከአድማሱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ በክዳኑ ጠርዝና በርቀት ባለው ዛፍ ወይም ጣሪያ መካከል ያለውን ክፍተት፣ ዓይንዎን ጨፍነው እስኪታይዎት ድረስ ያጥኑት። ሦስቱም ጎማዎች መሬት ላይ ሲሆኑ የሚታየው ሥዕል ያ ነው። በማረፍ ጊዜ ያንን ሥዕል ካዩ የፊት ጎማው ሊነካ ነው ማለት ነው፤ ክዳኑ ከዚያ ከፍ ብሎ የራንዌዩን መጨረሻ ሊጋርድ ሲቃረብ መሆን አለበት።

ከዚያ በኋላ ከአሠልጣኝዎ ጋር ሁለት ጠዋት ይውሰዱ፤ ጠዋት የምለው አየሩ ሳይሞቅ ስለሚሻል ነው። በመጀመሪያው ጠዋት ምንም አይረፉ። በ65 ኖት ይምጡ፤ ጥቂት ጉልበት ይዘው ከራንዌዩ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብለው እስከ ግማሹ ይንሳፈፉ፤ ከዚያ ይነሡ። ስድስት ሰባት ጊዜ ቢደጋግሙት ራንዌዩ ከሥር ሲሮጥ መሪውን የመግፋት ፍላጎቱ ይሞታል፤ ጎ አራውንዱም ያንኑ ያህል ጊዜ ይደገማል። በሁለተኛው ጠዋት አሠልጣኝዎ ሆን ብለው እንዲያነጥሩልዎት ይጠይቁ፤ ስሮትሉን የሚሰጡት ግን እርስዎ ይሁኑ። ይህን ያለ እርሳቸው በፍጹም አይሞክሩት።

እንደገና ብቻዎን ሲወጡ ቀኝ እጅዎ ከፋይናል ጀምሮ ከስሮትሉ ላይ አይነሣ። ከራንዌዩ መነሻ በላይ ሲያልፉ መለኪያውን አንድ ጊዜ ይመልከቱ፤ ከ70 በላይ ካነበቡ፣ ራንዌዩ የፈለገውን ያህል ቢረዝምም፣ ሳይንሳፈፉ ሙሉ ጉልበት ሰጥተው ይነሡና ዞረው ይምጡ።